ለዘሩ የተነገረው ሞት

«ኤርድሙተ፣ እርስዎ ከመጮህዎ በፊት ጌታዎ መሞታቸውን በዚህ ቤት ውስጥ ማን ያውቅ ነበር?»

መርማሪ ዳኛው ቴስማር ይህን ሲጠይቃት ኤርድሙተ ራዳትስ የሾርባ ጭልፋ ይዛ ምድጃው አጠገብ ቆማ ነበር። ጭልፋውን አስቀመጠችው፤ መልሳ አነሳችው። አፏ ላይ የመጣባት ስም አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም የልጇ ስም ሆነባት። ስለዚህ ወደ ድስቱ ዞራ ማማሰል ጀመረች።

ዳኛው አላስጨነቃትም። ከኮቱ ኪስ የደረቀ ፖም አወጣና ቀስ ብሎ ማኘክ ያዘ። እጁ ሁልጊዜ የሚበርደው፣ ጓንቱን ቤት ውስጥ እንኳ የማያወልቅ ቀጭን ሰው ነበር። ገና እንደመጣ ሳሎኑን፣ ጽሕፈት ክፍሉን፣ የእንግዳ መቀበያውን አዞሩት፤ እሱ ግን ትንፋሹ በብርዱ ይጤስ እንደሆነ በየክፍሉ እፍ እያለ ሞከረና «ምርመራውን ኩሽና ውስጥ አደርጋለሁ፣ እዚያ ይሞቃል» አለ። በዚህ ምክንያት በዚያን ቀን የተባለው ሁሉ ኤርድሙተ እየሰማች ተባለ።

ኮሎኔል አኻዝ ፎን ዜልኮው የሞቱት ከዚያ አንድ ቀን በፊት፣ በንጉሠ ነገሥቱ ልደት ዕለት ነበር። በየዓመቱ በዚያ ቀን ሙሉ የማዕረግ ልብሳቸውን ይለብሳሉ፤ ሜዳልያዎቻቸውን ይደረድራሉ፤ በወገባቸው የብር መቀነት ይታጠቃሉ። ፀሐይ ልትገባ ስትል የመንደሩ የቀድሞ ወታደሮች ከቤቱ ጀርባ ባለው መስክ ትንንሽ የሰላምታ መድፎች ይተኩሳሉ። ከዚያ ኮሎኔሉ ወደ አዳራሹ ወርደው ጽዋ ያነሳሉ። ዘንድሮ መድፉ ተተኮሰ፣ መሸ፣ ሾርባው ቀረበ፤ ኮሎኔሉ ግን አልወረዱም። በሕይወታቸው ለምንም ነገር ዘግይተው የማያውቁ ሰው ነበሩና ኤርድሙተ ልትጠራቸው ወደ ፎቅ ወጣች። ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው፣ ራሳቸው ወደ ደረታቸው ወድቆ አገኘቻቸው። ሽጉጣቸው ምንጣፉ ላይ ነበር።

የመጡት ሐኪም ራሳቸውን ገድለዋል አሉ። ዳኛው ግን አስከሬኑን ዞሮ አየና የኮሌታቸውን ጀርባ በጣቱ ነካ። ጨርቁ በባሩድ ተቃጥሏል።

«ሰው ራሱን ለመግደል ብሎ የራሱን ማጅራት ለማግኘት አይለፋም» አለ። «ከኋላቸው የቆመ ሰው ነው የተኮሰው። መድፉ ሲጮህ ጠብቆ።»

የገጠር ፖሊሱ ከዚህ በላይ መስማት አላስፈለገውም። የኤርድሙተን ልጅ ጎትሎብን ይዞ የልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ ቆለፈበት። ጎትሎብ የኮሎኔሉ አሽከር ነው፤ በፈረንሳይ ዘመቻ ቦት ጫማቸውን ይጠርግ ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ አብሯቸው ኖሯል፤ ሽጉጡንም ቅዳሜ ቅዳሜ የሚወለውለው እሱ ነው። በዚያው በልደቱ ጠዋት ኮሎኔሉ በሁሉም ፊት በጓንታቸው ፊቱን መትተው «ነገ ከዚህ ቤት ትወጣለህ» ብለውታል። ለምን እንደሆነ ጎትሎብ አልተናገረም። በፕሩሲያ ጌታውን የገደለ ሰው በመጥረቢያ እንደሚቀጣ ኩሽና ውስጥ ያለች ድመት እንኳ ታውቃለች። ኤርድሙተ የዚያን ቀን ሾርባው ላይ ሁለት ጊዜ ጨው ጨመረች።

መጀመሪያ የተጠየቁት ሻምበል ሪበን ነበሩ፤ የሟቹ የልጅነት ባልንጀራ፣ አንድ እግራቸው የማይታጠፍ፣ አፍንጫቸው የቀላ ሽማግሌ። ከሾርባው አንድ ማንኪያ ቀምሰው ፊታቸውን አጨማደዱ።

«ኤርድሙተ፣ ይህን ለእኛ ነው የሠራሽው ወይስ ለፈረንሳይ?»

ዳኛው ስለ ሟቹ እንዲነግሩት ጠየቃቸው። ሻምበሉም ያንን ሁሉ ዕድሜ ዘረገፉት። ሁለቱም ልጆች ሳሉ ነው ከእናታቸው እቅፍ ተወስደው ወደ ወታደር ትምህርት ቤት የገቡት። ራሳቸው ተላጭቶ፣ ቀዝቃዛ አልጋ ላይ ተኝተው፣ ሌሎቹ ልጆች በብርድ ልብስ ስር ሲያለቅሱ አኻዝ አላለቀሰም። በዴንማርክ ዘመቻ መቶ አለቃ ነበር። በቦሄሚያ ጦርነት ጫካው ውስጥ ቆስሎ ጉድጓድ ውስጥ ሲወድቅ ጫካውን ይዞ የዋለው ሪበን ነው፤ የጀግንነት መስቀሉ ግን የተሰጠው ለአኻዝ ሆነ። በፈረንሳይ ሻለቃ መርቶ ተመለሰ። ሲያረጅ የኮሎኔልነት ማዕረግ ሰጥተው አሰናበቱት፤ አንድ ሳጥን፣ አንድ ፈረስና ጎትሎብን ይዞ ወደዚህ መጣ። ከዚያ በኋላ ቤቱን የጦር ሰፈር አደረገው፤ ምሳ በከበሮ ሆነ፣ ሴቶቹ ሳይቀሩ ጫማቸውን አሰለፉ።

«መስቀሉን በመውሰዳቸው አልጠሏቸውም?» አለ ዳኛው።

«ክቡር ዳኛ፣ በየዓመቱ እየመጣሁ ወይኑን እጠጣበት ነበር። ከዚህ የበለጠ በቀል አላውቅም።»

ቀጥለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። አኻዝ ርስቱን ለስኳር ፋብሪካ ሰዎች ሊሸጥ ተስማምቶ ነበር፤ ፊርማው ብቻ ቀርቷል። ማታ ጽዋ ሲያነሳ ሊናገረው ነበር። ክፍለ ጦሩ ያለበት ከተማ ቤት ተከራይቶ፣ ጠዋት ጠዋት የጦሩ ሙዚቃ በመስኮቱ ስር ሲያልፍ እየሰማ ሊሞት አስቦ ነው። ይህን ሲናገሩ ሻምበሉ አፍንጫቸውን ጠረጉ፤ ከዚያ ራሳቸውን ለማጽናናት ይመስላል ወሬ ቀየሩ።

«ይልቅ ትናንት ባዝራዬን ማን እንዳበላት ንገሩኝና ልሸልመው። አንድ ገለባ የሌለበት አጃ፣ እንደ ዕንቁ! በቤቴ እንደዚያ በልታ አታውቅም፤ ዛሬ መሄድ እምቢ ትለኛለች።»

ዳኛው ማኘኩን አቆመ።

ሌተና ቦዶ፣ የሟቹ የወንድም ልጅ፣ የተቃጠለ አውራ ጣቱን በጨርቅ ጠቅልሎ ገባ። ባሩዱ ነው ያቃጠለኝ አለ፤ መድፎቹን የለኮስኩት እኔ ነኝ፣ መንደሩ በሙሉ አይቶኛል። ከአጎቱ ጋር ግን አይዋደዱም ነበር። አንድ መኮንን ሰድቦት በሽጉጥ እንዲጋጠመው ሲጠይቀው ቦዶ ለስድብ ብዬ ሰው አልገድልም ብሎ ነበር፤ ኮሎኔሉም በመኮንኖች የክብር ሸንጎ ፊት አቆምሃለሁ ብለው ዝተውበታል።

«አጎቴ ከእኔ ይልቅ ፈረሱን ነበር የሚወደው» አለ። «ፈረሱ እምቢ ብሎት አያውቅማ።»

ርስቱ ቢሸጥ ወራሽ እንደማይሆን ሲነገረው ትከሻውን ነቀነቀ። ኤርድሙተ ግን የቀኝ እግሩ ከጠረጴዛው ስር ሲንቀጠቀጥ አየች። ሰው ከጠረጴዛ በላይና ከጠረጴዛ በታች ሁለት ሰው ነው ብላ አሰበች። እሱ ቢሆንስ? እሱ በሆነ! ይህን በመመኘቷ ወዲያው አፈረች፤ በጨቅላነቱ ያዘለችው ልጅ ነውና።

የሟቹ እህት እመቤት ሉዶቪካ ኩሽና መጠራታቸውን እንደ ስድብ ቆጠሩት። ወንበር ሲቀርብላቸው አልተቀመጡም። ያላገቡ፣ ረጅም፣ በእርሻው ላይ ያረጁ ሴት ናቸው፤ ወንድማቸው ከጦርነት ወደ ጦርነት ሲዞሩ ርስቱን የያዙት እሳቸው ናቸው። መድፉ ሲተኮስ ምድር ቤት ወርጄ ወይን እመርጥ ነበር አሉ። ማንም አላያቸውም። የርስቱን መሸጥ የሰሙት ደግሞ ዛሬ ጠዋት ከሻምበሉ አፍ ነው።

ዳኛው ዙሪያውን ተመለከተ። «የግድግዳው ሰዓት ቆሟል፤ መስታወቱ በጥቁር ጨርቅ ተሸፍኗል። ማን አደረገው?»

«የኩሽና ሰዎች ናቸው። እኔ በተረት አላምንም።»

«በኛ መንደር የቤቱ ጌታ ሲሞት ሄዶ ለንቦቹም፣ ለከብቱም፣ ለዘሩም ይነገራል። የዚያን ዕለት ፀሐይ ሳትገባ። ዘሩን በእጅ እያገላበጡ ነው የሚነግሩት፤ ካልተነገረው ተከትሎ ይሞታል ይባላል። አባቴ የሞተ ቀን ወደ ጎተራ የተላክሁት እኔ ነበርኩ።»

«ከብት የሚሞተው ሲራብ ነው። ዘር የሚበሰብሰው ሲረጥብ ነው» አሉ ሉዶቪካ። «ሌላ ጥያቄ አለዎት?»

የለኝም አላቸው። ኤርድሙተ ግን ዘር የሚለውን ስትሰማ ጭልፋው ከእጇ አምልጦ ወለሉ ላይ ወደቀ። ዳኛው ጎንበስ ብሎ አነሳላትና ጠርጎ ሰጣት፤ ከዚያ ኮሌታውን አቁሞ ወጣ። በመስኮት አየችው። መጀመሪያ ጋጣው ገባ። ከግርግሙ ስር የሆነ ነገር ለቅሞ በመዳፉ እያየ ወጣ። ቀጥሎ ወደ ጎተራው ሄደ። እዚያ ቆየ፤ እሷ ደግሞ ምድጃው አጠገብ ባለው የእንጨት ክምር ላይ ተቀመጠች።

ሲመለስ አንዲት የተቋጠረች ሲባጎ ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

«የመኖ ጆንያዎቹ ሁሉ አንድ ዓይነት አስተሳሰር አላቸው። ከኋላ ያሉት ጥቂቶቹ ግን እንዲህ ታስረዋል። ይህ የእርሻ ሰው ቋጠሮ አይደለም። ያ ምድጃው ላይ የተሰቀለው፣ ሊጥ ቋጥረው የሚቀቅሉበት ጨርቅ የታሰረው በዚህ ዓይነት ነው። እናት፣ የእርስዎ ቋጠሮ ነው።»

ኤርድሙተ ማልቀስ አልቻለችም። እንባው ቢመጣ ይቀል ነበር።

«ነግሬዎት ልጄን ከሚገድሉብኝ እኔን ይግደሉኝ» አለች።

«መጀመሪያ ይንገሩኝ።»

ነገረችው። ስትጮህ ሁሉም ወደ ላይ ሮጠው መጡ፤ ሻምበሉ፣ ሌተናው፣ እመቤት ሉዶቪካ፣ ጎትሎብም ከጋጣው። ሁሉም እዚያው ወንበሩን ከበው ደንግጠው ቀሩ። እሷ ግን ወጥታ በጓሮ በር ወደ ጎተራው ሮጠች፤ ፀሐይ ገብታለች፣ ቢሆንም ዘሩ ሳይነገረው እንዳይቀር አንድ ሰው መድረስ አለበት። የዘሩን ትልቅ ሳጥን ከፈተችው፤ ባዶ ነው። በመጨረሻው ብርሃን እየዳሰሰች ስትፈልግ ከመኖው ኋላ አፋቸው የተፈታ ጆንያዎች አገኘች። እጇን ብትከት አጃው ተገለባብጧል፤ የጣት መስመር ሳይቀር በእጇ ተሰማት። ተነግሮታል። ከእሷ በፊት አንድ ሰው መጥቶ ለዘሩ ጌታህ ሞተ ብሎታል። ከሬሳው ክፍል ደግሞ ከእሷ በፊት የወጣ ሰው የለም።

«የጎተራው ቁልፍ ከሰዓት በኋላ ማን ጋ ነበር?»

«ጎትሎብ ጋ» አለች። «ለእንግዶቹ ፈረሶች መኖ ሊያወጣ ወስዶት ነበር፤ እኔም ስደርስ በሩ ክፍት ነበር። ይህን ልማድ ከልጅነቱ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ስለዚህ ጆንያዎቹን መልሼ አሰርኳቸው። ማንም እንዳያይ።»

ዳኛው የቀረውን ፖም ወደ ኪሱ መለሰ። «ይህን ቀድመው ቢነግሩኝ ኖሮ ልጅዎ እስካሁን ልብስ ማጠቢያው ውስጥ ተቆልፎበት አይቆይም ነበር» አለ። «ሁሉንም ወደ ጎተራው ይጥሩልኝ።»

ጎተራው ይበርዳል፤ ዳኛው እጆቹን ብብቱ ስር አድርጎ ቆመ። ጎትሎብ እጁ የፊጥኝ ታስሮ በፖሊሱ ተገፍቶ ገባ። እናቱን ሲያያት ፈገግ ለማለት ሞከረ፤ ይህ ደግሞ ባሰባት።

«አንድ ቀላል ነገር ልጠይቃችሁ» አለ ዳኛው። «የዘንድሮው የዘር አጃ የት አለ?»

ሻምበሉ እኔ የማውቀው የወይኑን ቦታ ነው አሉ። ቦዶ ዘርና መኖ ልዩነታቸው ምንድን ነው ብሎ ጠየቀ፤ ፖሊሱ ሳቁን በሳል ሸፈነው። ጎትሎብ በአገጩ ወደ ትልቁ ሳጥን ጠቆመ። ሉዶቪካም «ሳጥኑ ውስጥ ነው፣ ሁልጊዜም እዚያው ነው» አሉ።

ዳኛው ክዳኑን አነሳ። ባዶ መሆኑን ሁሉም አዩ።

«ጎትሎብ፣ ትናንት ለእንግዶቹ ፈረሶች አጃ ያወጣኸው ከየትኛው ነው?»

«ከዚያኛው ጌታዬ፣ ከኋላ ካለው። የፊተኞቹ ላይ ኮርቻ ተከምሮባቸው ነበር። መልሼም አስሬዋለሁ።»

ዳኛው ከኪሱ ከግርግሙ የለቀመውን አጃ አውጥቶ በመዳፉ አሳየው፤ የተነፋ፣ ፍሬው ሙሉ፣ ገለባ የሌለው። ጎትሎብ አጎንብሶ አየ። ፊቱ ነጣ።

«ይህማ ዘር ነው» አለ። «እማማ፣ ዘሩን ለፈረስ አበላሁት?»

እጁ ታስሮ፣ መጥረቢያ እየጠበቀው፣ ያሳፈረው ግን ይህ ነበር። ኤርድሙተ ያን ፊት አየችው። ከመወለዱ ጀምሮ የምታውቀው ፊት ነው፤ ውሸት መያዝ አይችልም። እንዴት ረሳሁት አለች በልቧ።

«አሁን ስሙኝ» አለ ዳኛው። «ኮሎኔሉ የተገደሉት መድፉ ሲተኮስ፣ ፀሐይ ልትገባ ስትል ነው። አስከሬኑ የተገኘው ከመሸ በኋላ ነው። ሁላችሁም ተሰበሰባችሁ፤ መጀመሪያ የወጣችው ኤርድሙተ ናት፤ እዚህ ስትደርስ ለዘሩ ተነግሮት ጠበቃት። ስለዚህ የነገረው ሰው ሞቱን ያወቀው ከእሷ በፊት ነው። ከእሷ በፊት ያወቀ ደግሞ የገደለው ብቻ ነው። እሺ፣ ያ ሰው ማን ነው? ጆንያዎቹን ሁሉ አየኋቸው። የተገለባበጠው ዘሩ ብቻ ነው፤ ከጎኑ ያለው መኖ አልተነካም። የነገረው ሰው ዘሩ ከሳጥኑ ወጥቶ የት እንደተደበቀ ያውቃል። ጎትሎብ አያውቅም፤ ቢያውቅማ ለፈረስ አይሰጥም። ሻምበሉ እንግዳ ናቸው። ሌተናው ያለውን ሰምተናል። ኤርድሙተ ሳጥኑን ነው የከፈተችው።»

በመዳፉ የነበረውን አጃ ወደ ኪሱ መለሰው።

«ደግሞስ ዘር የሚደብቅ ማን ነው? ርስቱ ከነሳጥኑ ለሰው ሊተላለፍ እንደሆነ የሰማ ሰው ነው። እመቤት ሉዶቪካ፣ ሽያጩን ዛሬ ጠዋት ነው የሰማሁት ብለውኛል። ዘሩ ግን ቢያንስ ትናንት ተደብቆ ነበር፤ የሻምበሉ ባዝራ በልታዋለች። በዚህ ቤት ዘር የሚመርጠው፣ የሚነፋው፣ የሚያስቀምጠው ማን ነው?»

ሁሉም የሉዶቪካን እጅ አየ። የተሰነጣጠቀ፣ ጥፍሩ ያጠረ የገበሬ እጅ ነበር።

«በተረት አላምንም ብዬዎት ነበር» አሉ።

«ብለውኛል። እጅዎ ግን አልሰማዎትም።»

ሉዶቪካ ባዶው ሳጥን ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። ሲናገሩ ድምፃቸው ከፍ አላለም። ወንድማቸው ዴንማርክ ሲዘምት ረግረጉን አደረቁ፤ ቦሄሚያ ሲዘምት አዲሱን ጋጣ አሠሩ፤ ፈረንሳይ ሳለ ተባይ የጨረሰውን መሬት ዳግመኛ ዘሩ። በአንድም የዘር ወቅት እዚህ አልነበረም። ለሥራ የመጡ እንግዶች ናቸው ብሎ ለእሳቸው የነገራቸው የፋብሪካ ሰዎች ደጃፉ ላይ ቆመው የትኛው እርሻ ውሃ እንደሚቋጥር ሲጠይቁት ምን እንደሚል ጠፍቶት ወደ እሳቸው ዞረ።

«እኔን ጠየቀኝ» አሉ። «የሚሸጠውን መሬት እኔን ጠይቆ ነው ሊሸጠው የነበረው። እኔም ነገርኩት፤ ነገሩ ስለገባኝ ያን ማታ ዘሩን ከሳጥኑ አውጥቼ ደበቅኩት። ትናንት ደግሞ ሲለማመድ ከበሩ ውጭ ቆሜ ሰማሁት፤ ጽዋ ሲያነሳ የሚናገረውን። ሽጉጡ ከበሩ አጠገብ ነበር። ከዚያ ስወጣ ፀሐይ ጫካው ላይ ደርሳለች። ምን ላድርግ? እሱ ሞተ ተብሎ መሬቱም ይሙት?»

«ልጄስ?» አለች ኤርድሙተ። በሕይወቷ ለእመቤቷ ጥያቄ ስታቀርብ የመጀመሪያዋ ነበር። «ልጄን በመጥረቢያ ሊቀሉት ነበር እኮ፣ እመቤቴ።»

ሉዶቪካ የዚያን ጊዜ ብቻ አዩዋት።

«ስለ ዘሩ ነው ያሰብኩት» አሉ። «ስለ ልጅሽ አላሰብኩም።»

ፖሊሱ የጎትሎብን ገመድ ፈታ። ኮሎኔሉ ለምን እንደመቱት ጎትሎብ ያን ጊዜ ተናገረ፤ አብረኸኝ ከተማ ትሄዳለህ ሲሉት እናቴን ትቼ አልሄድም ብሏቸው ነው። ያንን ቀድሞ ቢናገር ሽያጩን ማወቁ ይገለጥና ምስጢራቸውን ያወጣባቸው መሰለው፤ ሞተውም ቢሆን።

ኩሽና ውስጥ ሾርባ ቀዳችለት። ማንኪያውን ሳያነሳ የእጁን አንጓ እያሻሸ ቆየ።

«እማማ፣ እኔ ነኝ ብለሽ ነው ጆንያዎቹን ያሰርሻቸው?»

ይህን ጥያቄ መመለስ ትችል ነበር። መዋሸትም ትችል ነበር።

«አዎ» አለች።

ጎትሎብ ራሱን ነቀነቀና በላ። ጨው በዝቶበታል አላለም።

ሉዶቪካ በዳኛው ሰረገላ ሄዱ፤ ከመሳፈራቸው በፊት የትኛው እርሻ ዘግይቶ እንደሚዘራ ለጎትሎብ ነገሩት። ርስቱን የወረሰው ቦዶ ለፋብሪካው ሰዎች ፈረመላቸውና ወደ ክፍለ ጦሩ ሄደ። አጃውን ጎትሎብ ዘራው፤ ጥሩ ሆኖ በቀለ። መብቀሉን አይቶ ዕቃውን ሸከፈ፤ ባዝራቸውን የሚይዝላቸው ሰው ይፈልጉ ወደነበሩት ወደ ሻምበል ሪበን ሄደ። ኤርድሙተ ብቻዋን ቀረች።